የባለሙያ ምስክር ሆኜ ልቀርብ ነው፤ ቆሞ የቀረ አይሱዙ ያሳጣው ገቢ እንዴት ይሰላል? (ደብረ ማርቆስ)

ሒሳብ ሹም ዘማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች።

ማርቆስ ላይ የሒሳብ ሥራ ነው የምሠራው። የነጋዴ መዝገብ እይዛለሁ፣ የግብር ማስታወቂያ አዘጋጃለሁ። ችሎት ቆሜ መስክሬ ግን አላውቅም።

አንድ ደንበኛዬ ከዚህ አዲስ አበባ ጤፍ የሚያመላልስ አይሱዙ አለው። ኅዳር ላይ ደጀን ሳይደርስ ሌላ የጭነት መኪና ገጨውና አራት ወር ጋራዥ ቆመ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በትራፊክ ፕላኑ ተለይቷል። የጥገናው ወጪም ደረሰኝ አለው። አሁን የሚያከራክረው መኪናው በመቆሙ የቀረበት ገቢ ነው። ክሱ ላይ «በቀን 5,000 ብር፣ ለ120 ቀን፣ 600,000 ብር» ተብሎ ተጽፏል። ጠበቃው ደውሎ «ይህንን ቁጥር የሚደግፍ ሪፖርት ሥራልኝ፣ በምስክር ዝርዝሩ ላይ አስገብቼሃለሁ» አለኝ።

በእጄ ያለው የሹፌሩ የጭነት ደብተር፣ የተወሰኑ የመጫኛ ደረሰኞች፣ የባንክ ዝርዝርና የቴሌብር መልእክቶች ናቸው። ችግሩ ደንበኛዬ በዚያ ዓመት ደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነበር፤ ለገቢዎች ያሳወቀውም አሁን ከሚጠይቀው ጋር ጨርሶ አይቀራረብም።

ሌላም ነገር አለ። ክፍያዬን በሚመለከት «ካሳው ሲፈረድ አሥር በመቶ» ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ሲኖ

አትልፋ ወንድሜ። ስድስት መቶ ሺ ጠይቅ፣ ዳኛው ግማሹን ቆርጦ ይሰጥሃል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ጠበቃ ከፍኖተ ሰላም

ባለ ሲኖ፣ «ግማሹን ይሰጥሃል» የሚለው ወሬ ስንት ሰው ባዶ እጁን እንዳስገባው በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ዳኛው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ካልታየው ግማሹን የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ሒሳብ ሹም፣ ከክፍያው ልጀምር። አሥር በመቶውን አትቀበል። ለሥራህ ቁርጥ ዋጋ ተስማማ፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ብትረቱም ባትረቱም የሚከፈል ይሁን። የተከሳሽ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሚሆን ልንገርህ፦

— ምስክር፣ ለዚህ ሥራ ስንት ተከፈለዎት?
— ገና አልተከፈለኝም።
— መቼ ነው የሚከፈልዎት?
— ሲፈረድ።
— ስንት?

እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የምትናገረው ሁሉ የድርሻህ ጥያቄ ሆኖ ነው የሚሰማው። ሒሳብህ ትክክል ቢሆን እንኳ።

ወደ ሥራው ስንመጣ «ይህንን ቁጥር የሚደግፍ ሪፖርት» ማለት ሪፖርት አይደለም። ጠበቃህን በጨዋ ቋንቋ «ሰነዱን አይቼ የደረስኩበትን እጽፋለሁ፣ የማይጠቅማችሁ ከሆነ ባታቀርቡት ይቀላል» በለው። ክሱ ላይ ያለው ቁጥር ተጋንኖ ከሆነ ጥያቄውን ማሻሻል የሱ ሥራ ነው። ከሳሽን ወክዬ ስቀርብ እኔም ይህንን ብዬ የሚመልስልኝን ባለሙያ ነው የምፈልገው። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ የሚፈርስ ምስክር ከምስክር አልባ ክስ ይብስብኛል።

ሕጉን በአጭሩ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። አይበልጥም፣ አያንስም። መኪናው የሚያስገባው ጠቅላላ ገንዘብና ባለቤቱ የደረሰበት ጉዳት ግን አንድ አይደሉም። መኪናው ሲቆም ነዳጁም፣ አበሉም፣ ጫኝና አውራጁም አብረው ቆመዋል። «በቀን 5,000» የተባለው ከነዚህ በፊት ነው ከነዚህ በኋላ?

ሒሳብ ሹም ዘማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። 5,000 የተባለው ወጪ ሳይቀነስ ነው። «የሰፈሩ አይሱዙ ሁሉ በቀን ይህን ያህል ያስገባል» ከሚል የመጣ እንጂ ከደብተሩ የወጣ አይደለም።

የክፍያውን ነገር ዛሬውኑ ነግሬዋለሁ። ትንሽ ቅር አለው፣ ግን ተስማማን።

ጡረታ የወጣ ዳኛ

ልጄ፣ ጥሩ ቦታ ነው የጀመርከው። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ብዙ ዘመን ካስቻሉት አንዱ ነኝ፤ ከችሎቱ ወንበር የሚታየውን ልንገርህ።

ለኛ የሚመጣው የባለሙያ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ገጽ ነው። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ መጨረሻው ላይ ትልቅ ቁጥር አለ። በመሐል ምንም የለም። ባለሙያው ይጠራል፣ ይምላል፣ «በሙያዬ ያረጋገጥኩት ነው» ይላል። «በምን አረጋገጥክ?» ሲባል «በልምዴ» ይላል። በዚህ ጊዜ ዳኛው ምን ያድርግ? ጉዳት እንደደረሰ ያውቃል፣ ልኩን ግን አላስረዱትም። እንግዲህ አንቀጽ 2102 አለ፤ የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ያልቻለ እንደሆነ ነገሮች በተለምዶ የሚሄዱበትን መንገድና ተጎጂው የወሰደውን እርምጃ አይቶ በርትዕ፣ ማለት ሚዛናዊ በመሰለው ግምት፣ ይቆርጣል። በርትዕ የሚቆረጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆረጠው፤ ዳኛም ሰው ነውና ባላየው ቁጥር ላይ አይደፍርም። ባለ ሲኖ «ግማሹን ይሰጣል» ያለው ይህንኑ በሩቁ አይቶ ነው።

ደግሞም ርትዕ የተሠራው ሊታወቅ ለማይችል ጉዳት ነው። ደብተር እያለ ሳይገለጥ ለቀረ ጉዳት አይደለም። አንዳንድ የበላይ ፍርድ ቤት ይህን ነጥብ አንሥቶ መዝገቡን ይመልሰዋል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው የሚባለው። ከሥሩ ማለት ያንተ ጉዳይ ላይ የሹፌሩ ደብተር ነው። እኔ ዳኛ ብሆን የማየው ከደብተሩ ገጽ ተነሥቼ፣ ያንተን ሠንጠረዥ ይዤ፣ ያለ አንተ እርዳታ ያንተ መጨረሻ ላይ መድረስ እችላለሁ ወይ የሚለውን ነው። ከቻልኩ አንተን ማመን እንኳ አያስፈልገኝም።

የሞጣ ልጅ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለመድረኩ። እኔ እዚህ አሜሪካ የጉዳት ሒሳብ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ነኝ፣ ገና ጀማሪ ነኝ። ጋሼ ዳኛው ያሉት እዚህ ሕግ ሆኗል ማለት ይቻላል። በ1993 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳውበርት በሚባለው መዝገብ ላይ የባለሙያው ዘዴ አስተማማኝ መሆኑን ዳኛው ቀድሞ ይመርምር አለ። የማስረጃ ደንብ 702 ደግሞ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ፣ ምስክሩን የሚያቀርበው ወገን የዘዴውን አስተማማኝነት ራሱ እንዲያስረዳ ግልጽ አደረገ። ዘዴው ካላለፈ ባለሙያው ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች) ፊት እንኳ አይቀርብም።

እንግሊዞቹ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንባቸው ክፍል 35 የባለሙያው ግዴታ ከከፋዩ ይልቅ ለፍርድ ቤቱ ነው ብለው ጽፈውታል።

እኛ ቢሮ የማየው ትልቁ ክርክር ግን አንድ ነው፦ «አደጋው ባይደርስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ካለፈው ዓመት ጋር ታነጻጽራለህ፣ ወይም አደጋ ካልደረሰበት ተመሳሳይ ሰው ጋር ታነጻጽራለህ። ሁለቱንም ብትሠራና ቢቀራረቡልህ ማለፊያ ነው።

ጠበቃ ከፍኖተ ሰላም

የሞጣው ወንድሜ፣ እናመሰግናለን። እኛ ጋ በር ላይ የሚያግድ ማጣሪያ የለም፤ ምስክሩ ይሰማል፣ ክብደቱ በፍርዱ ላይ ይመዘናል። የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግም ፍርድ ቤቱ ራሱ ባለሙያ እንዲሾም ይፈቅድለታል። ሒሳብ ሹም፣ ይህንን አስብበት፦ ሁለቱም ወገን የማይታመን ቁጥር ካቀረበ ዳኛው ሦስተኛ ሰው ይሾማል፤ ያ ሰው የሚጽፈው ማንንም ላያስደስት ይችላል።

ሾፌር ነኝ

እኔ ሒሳብ አላውቅም። ይህንን መንገድ ግን አውቀዋለሁ፣ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣቱ ግን ነዳጁንም ፍሬኑንም ይበላዋል።

የማየው ጥፋት አለ። የዓመቱን ምልልስ ደምራችሁ ለ12 ካካፈላችሁት ባለቤቱ ይጎዳል። ጤፍ የሚወጣው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ያኔ መኪና አያርፍም። ክረምት ላይ ግን ቆመህ ጭነት ትጠብቃለህ። መኪናው የቆመው ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሆነ ዋናው ሥራ ነው ያመለጠው። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት እነዚያኑ ወራት እዩ።

ሌላው የመልስ ጭነት ነው። ባዶህን የምትመለስበት ጊዜ አለ፣ ሲሚንቶ ወይ ብረት ይዘህ የምትመለስበት አለ። ደብተሩ ላይ ካልተጻፈ በቴሌብሩ ይገኛል።

መንገድ ተዘግቶ የነበረባቸውን ቀናትም አትርሱ። ያኔ ጤነኛው መኪናም መነኸሪያ ቆሟል፣ ገጪው ያንን ሊከፍል አይገባውም። እውነት እውነት ነው። መንገዱ መቼ መቼ እንደተዘጋ ከፈለግህ የኛን መኪኖች ደብተር አሳይሃለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ጡረታ የወጣ ዳኛ

አየህ ልጄ፣ ይህ ሹፌር ከሁላችንም በላይ መሰከረ። ከፈቀደ በደንብ ምስክር አድርጋችሁ ቁጠሩት። የሒሳብ ባለሙያ ያላየውን ነገር አየሁ ማለት የለበትም፤ መንገዱን ያየው ይናገር፣ አንተ ቁጥሩን ተናገር።

ሒሳብ ሹም ዘማርቆስ

ሾፌር ነኝ፣ ወንድሜ፣ እድሜ ይስጥህ። ጽፌልሃለሁ።

ደብተሩ ላይ ተቀምጬ ሠራሁት። የደንበኛ ምስጢር ስለሆነ ቁጥሮቹን ቀይሬ ነው የማስቀምጠው፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

አንድ ደርሶ መልስ ጉዞ፦ የመሄጃ ጭነት 15,000፣ የመልስ ጭነት በአማካይ 3,000፣ ድምር 18,000 ብር። መኪናው ሲቆም አብሮ የቆመ ወጪ፦ ነዳጅ 7,000፣ የሹፌርና የረዳት አበል 1,500፣ ጫኝና አውራጅ ከደላላ ኮሚሽን ጋር 1,500፣ ጎማና ዘይት 1,000፣ ድምር 11,000። ለባለቤቱ የሚቀረው በጉዞ 7,000 ብር። የሹፌሩን የወር ደመወዝ አልቀነስኩም፤ መኪናው ቆሞም ይከፍለው ስለነበር ወጪው አልቀረለትም።

በዓመቱ አማካይ ብሄድ በወር 6 ጉዞ ነው፣ በአራት ወር 168,000 ብር። በ«ሾፌር ነኝ» ምክር ያለፈውን ዓመት እነዚያኑ አራት ወራት ሳይ ግን 32 ጉዞ አለ፣ 224,000 ብር። መንገድ የተዘጋባቸው ወደ ሦስት ሳምንት የሚጠጉ ቀናት 6 ጉዞ ይይዛሉ፤ እነሱን ሳወጣ 26 ጉዞ፣ 182,000 ብር።

ከ600,000 በጣም ይርቃል። ደንበኛዬን እንዴት እንደማሳምነው አላውቅም።

ጠበቃ ከፍኖተ ሰላም

ይኸው ሪፖርት! እንደ ተከሳሽ ጠበቃ ሆኜ ልምታህ፣ ፍቀድልኝ።

አንደኛ፣ ካለፈው ዓመት 32 ጉዞ ውስጥም መንገድ ተዘግቶ የቀረ ጊዜ ካለ አሁን ስትቀንስ ሁለት ጊዜ ቀነስክ ማለት ነው። ለራስህ ወገን ጎጂ ስህተት ስለሆነ እኔ ዝም ብዬ አልፈው ይሆናል፣ ዳኛው ግን ቢያየው «ይህ ሰው ሒሳቡን አላየውም» ይላል።

ሁለተኛ፣ አራት ወር ለምን? ለዚህ ጥገና በቂው ጊዜ ሁለት ወር ነበር ብዬ እከራከራለሁ። ጋራዡ የቆየው መለዋወጫ ጠፍቶ ነው፣ ወይስ ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮት፣ ወይስ ከኢንሹራንስ ጋር ሲነታረክ? ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ እንዴት እንደዘለለ ሁሉም ያውቃል፤ ግን «ሁሉም ያውቃል» ማስረጃ አይደለም። መለዋወጫው የታዘዘበትና የገባበት ቀን የሚታይበት ወረቀት ከጋራዡ አምጣ።

እዚህ ላይ አንተ አትፍረድ። ሁለቱንም ሠርተህ አስቀምጥ፦ ፍርድ ቤቱ አራት ወሩን ከተቀበለ ይህን ያህል፣ ሁለት ወር ይበቃ ነበር ካለ ይህን ያህል። የጊዜው ክርክር የጠበቆቹ ነው፣ ሒሳቡ ያንተ።

ወለድም አትጨምርበት። በሕግ የሚታሰበው 9 በመቶ ካለ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያስበዋል፤ ሪፖርትህ ውስጥ ከከተትከው ሁለት ጊዜ ተጠየቀ ይባላል።

ነጋዴው ከቢቸና

ሁላችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። ግብሩስ? ለመንግሥት «ትንሽ ነው የማገኘው» ብሎ ለፍርድ ቤት «ብዙ ነበር የማገኘው» የሚል ሰው ምን ዓይነት ካሳ ነው የሚፈረድለት?

ባለ ሲኖ

ኧረ ባክህ! ደረጃ ሐ እኮ በግምት ነበር የሚከፈለው። ገማቹ መጥቶ የቀን ገቢህን ገምቶ ይሄድ ነበር። አንተ ያልከውን አልጻፈ፣ ያገኘኸውን አልጻፈ።

ነጋዴው ከቢቸና

ግምቱ ሲበዛ ቅሬታ እናስገባ አልነበር እንዴ? ሲያንስስ ማነው ሄዶ «አነሰብኝ» ያለ? እንተዋወቃለን።

ጡረታ የወጣ ዳኛ

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። በግምት የተወሰነ ግብር የገቢ ልክ አያሳይም፤ ግን የተጠቀመበት ሰው አሁን እንዳላየ ሊያልፈው አይችልም። እኔ ችሎት ላይ ሳለሁ የሚያናድደኝ ልዩነቱ ሳይሆን መደበቁ ነበር። ባለሙያው ስለ ግብሩ አንድም ቃል ሳይጽፍ ይመጣል፣ ከዚያ የተከሳሽ ጠበቃ ወረቀቱን ከኪሱ ሲያወጣ የምስክሩ ፊት ይቀላል።

ሒሳብ ሹም፣ አንተው ቀድመህ ጻፈው። «ለግብር የተወሰነው ገቢ ይህን ያህል ነው፤ አወሳሰኑ በግምት ነው፤ እኔ የተጠቀምኩት የጭነት ደብተሩንና የባንክ ዝርዝሩን ነው፤ ልዩነቱም ይህ ነው» በል። አራት መስመር ይበቃዋል። የሚያስከትለውን ደንበኛህ ቀድሞ ይወቀው፤ የፍርድ ቤት መዝገብ የተዘጋ ደብዳቤ አይደለም፣ ገቢዎችም ሊያየው ይችላል። ያንን ሰምቶ «ይቅርብኝ» ካለ መብቱ ነው።

ግብርና ከቡሬ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኛ ጋ ለምስክርነት የምንጠራው በሰብል ነው፤ ከብት የበላው በቆሎ፣ እሳት የበላው የጤፍ ክምር። ሁልጊዜ የምንጣላበት ነገር የዋጋው ቀን ነው። ክሱ ሰኔ ላይ ይከፈትና ጤፉ በሰኔ ዋጋ ይሰላል። ገበሬው ግን ጥር ላይ አውድማው ላይ እንዳለ ለማዳበሪያ ዕዳና ለልጅ ሠርግ ይሸጠው ነበር። እስከ ክረምት አቆይቶ በውድ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ የቀደሙት ዓመታት ሽያጩ ይህንኑ ያሳይ።

ምርቱንም በጥማድ ስንት ኩንታል ብለን ስንገምት ከጎረቤት ማሳ እንነሣለን። ሽማግሌዎቹ የሚገምቱት ብዙ ጊዜ ከኛ ወረቀት የተሻለ ነው፣ መሬቱን ስለሚያውቁት። ግን አልተጻፈም። «ሽማግሌ ገምቶታል» ብቻ ተብሎ ይቀርባል፣ ከየትኛው ማሳ ጋር እንዳነጻጸሩት አይታወቅም። አሁን አሁን እኔ አብሬያቸው ሄጄ የጎረቤቱን ማሳ ስፋትና የገባውን ኩንታል እጽፍና እነሱን አስፈርማለሁ።

እንግዳ 77

ይቅርታ፣ ሰው ሞቶ ከሆነስ? አጎቴ አስተማሪ ነበር፣ በመኪና አደጋ አረፈ። ሚስትና ልጆች አሉት።

ጠበቃ ከፍኖተ ሰላም

ነፍስ ይማር። አንቀጽ 2095 ሚስትና ልጆች፣ ወላጆችም፣ በስማቸው ካሳ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። መነሻው የአስተማሪው ደመወዝ ሆኖ ለራሱ ያወጣው የነበረው ይቀነሳል፤ እስከ ጡረታ ዕድሜ፣ እስከ 60 ዓመት፣ ስንት ዓመት ይቀረው እንደነበር ይታያል። የጡረታ አበል ጉዳይ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የኅሊና ጉዳት (የሐዘኑን) ካሳ ግን ተስፋ አታድርጉበት፤ ሕጉ በ1952 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ብሎ የጻፈው ያው ነው። አዲስ ርዕስ ክፈትና የደመወዝ መደቡንና የልጆቹን ዕድሜ ጻፍልን፣ እዚህ ይጠፋብናል።

የሞጣ ልጅ (ቨርጂኒያ)

ስትከፍት እኔም እገባለሁ። የወደፊት ደመወዝን ዛሬ በአንድ ጊዜ ሲከፈል ምን ያህል ይቀነስ የሚለው ብዙ ያከራክራል፤ የኑሮ ውድነቱ ከባንክ ወለዱ በሚበልጥበት አገር ደግሞ የኛን የዚህን አገር ቀመር እንዳለ መገልበጥ ቤተሰቡን ይጎዳል።

ሒሳብ ሹም ዘማርቆስ

ተመልሻለሁ። ያለፈውን ዓመት ደብተር እንደገና አየሁት፣ በነዚያ ወራት መንገድ በመዘጋቱ የቀረ ጉዞ የለም፤ ስለዚህ 6ቱ ጉዞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀነሰው። የተዘጋባቸው ቀናት ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ናቸው። እናም ሁለት ወር ከተባለ 10 ጉዞ፣ 70,000 ብር፤ አራት ወር ከተባለ 182,000 ብር። የሾፌራችን ድርጅት አይሱዙ በነዚያው አራት ወራት የሠራውን ደብተር አሳይቶኝ 27 ጉዞ ነው ያለው። ከኔ 26 ጋር ይቀራረባል።

ጋራዡ መለዋወጫው የታዘዘበትን ቀን ጽፎ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። የግብሩንም አንቀጽ አስገባሁ። ደንበኛዬ መጀመሪያ ተቆጣ፣ «ለማን ነው የምትመሰክረው?» አለኝ። ሠንጠረዡን ከደብተሩ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ሳሳየው ግን የራሱን ጉዞዎች አንድ በአንድ እየጠቆመ «ይህ የማኛው ነው፣ ይህ የሰርገኛው ነው» ይል ጀመር። ጠበቃውም ጥያቄውን ለማሻሻል አመልክቷል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ደብተሩ በእርሳስ የተጻፈ ነው። ኦሪጅናሉን ላቅርብ ወይስ ፎቶ ኮፒ?

ጠበቃ ከፍኖተ ሰላም

ኮፒውን ከሪፖርቱ ጋር አያይዝ፣ ኦሪጅናሉ በቀጠሮው ቀን ችሎት ይቅረብና ይመሳከር። ጸሐፊው ሹፌር ራሱ ቀርቦ «ይህ የእጄ ጽሑፍ ነው» ይበል። በእርሳስ መጻፉ አያስጨንቅህ፤ የደበዘዘውን ግን በላዩ ላይ እንዳታደምቀው።

ሾፌር ነኝ

ሁላችንም በእርሳስ ነው የምንጽፈው፣ እስክርቢቶ ደጀን ቁልቁለት ላይ ሙቀቱ ያፈሰዋል 😄 ቀጠሮው መቼ ነው? ማርቆስ ካለሁ እመጣለሁ።